ስለ ሜዳው፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ፈቃዱ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በጎጃም ከተሞች፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር፣ የሰፈር ወጣቶች ቆሻሻ የሚጣልባቸውን ክፍት ቦታዎች እያጸዱ ዛፍና አትክልት መትከላቸውን፣ በዙሪያው ያለውን ግድግዳም ከነዋሪው ጋር ሆነው በሥዕል መሸፈናቸውን የሚነቅፍ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጸሐፊው ሥዕል በትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ ነግረውናል። እኔ ደግሞ ታፔላ እየጻፍሁ፣ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ዶሮ ወጥና ክትፎ እየሣልሁ የምኖር የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ። እርሳቸው ስለ ጥበብ ምንነት ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔም የትኛው ቀለም በየትኛው ግድግዳ ላይ ስንት ክረምት እንደሚቆይ ከእርሳቸው ይልቅ የማውቅ ይመስለኛል።

የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። ያለ ፈቃድ መትከል የመሬት ወረራ ነው። ሐሳቡ ከፈረንጅ አገር የተቀዳ እንጂ የእኛ አይደለም። ነዋሪ ተሰብስቦ የሚቀባው ግድግዳ ጥበብ ሊባል አይገባውም። ሥራው ሁሉ ፎቶ ከተነሣበት ቀን አያልፍም። ለማንኛውም የኮሪደር ልማቱ ከተማዎችን እያስዋበ ስለሆነ ወጣቱ ይታገሥ። በእነዚህ መካከልም አንዳንድ የጎን ወቀሳ አለ። እርሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል አልሄድም፤ የሚከብደኝን አስቀድማለሁ።

የሚከብደው "አይቆይም" የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በደብረ ማርቆስ በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም ድረስ ማንንም አይፈልግም፤ ዝናቡ ያሳድገዋል። ጣጣው የሚጀምረው ከጥቅምት በኋላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ ደረቅ ነፋስና ፀሐይ ነው። ፍየሉና አህያውም በከተማው ውስጥ ልቅ ይውላሉ፤ በበጋ ለምለም ነገር የሚያገኙት ደግሞ እኛ የተከልነው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ተክል ይሞታል። ጸሐፊው የደረቁ ችግኞችን አይቼ አዘንሁ ሲሉ አምናቸዋለሁ።

ግን ይህ ሞት ፈቃድ ካላቸውና ከሌላቸው ተክሎች መካከል የቱን መርጦ ነው የሚገድለው? ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በዓሉ ያማረ ነበር፤ ቁጥሩን ዛሬም ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የዚያ ቀን ቁጥር ግን የተከላ ቁጥር ነው። በሚያዝያ ስንቱ ቆሞ እንደ ተገኘ የሚነገርበት፣ ሰልፍ የሚወጣበት ቀን የለንም። ችግኙን በሕይወት የሚያቆየው ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ባሉት ሳምንታት ጀሪካን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ውሃ አያጠጣም። የእኔ ክርክር ከዚህ አይዘልም፦ ስለ አንድ ቦታ ስንጠይቅ "ማን ፈቀደ?" ከማለታችን በፊት "በጋውን ማን ይጠብቀዋል?" እንበል።

በሰፈር ሥራ ውስጥ ይህን ጥያቄ መመለስ ቀላል ነው፤ ጠባቂው አጠገቡ ይኖራል። በመንገዱ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴት፣ ሊስትሮው፣ የሱቁ ባለቤት፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁት አዛውንት አሉ። የቆሸሸ ጎማ ቆርጦ ከመደርደርም የቀጋ ወይም የግራር እሾህ ዙሪያውን መከመር ፍየልን ይከለክላል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ፣ ክዳኑ በመርፌ ተበስቶ፣ ከሥሩ አጠገብ አፉ ወደ ታች ሆኖ ሲቀበር ውሃው በጠብታ ይወርዳል፤ አንዲት እናት በሁለት ቀን አንዴ ከሞሉት ይበቃል። ጎመን የታጠበበት ውሃ ይሆናል፤ በረኪና የገባበት ግን አይሆንም። ፓፓያ ደብረ ማርቆስ ላይ አይተከልም፤ እርሱ 1,800 ሜትር ላይ ላለችው ለባሕር ዳር ይስማማል። ለእኛ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጽድ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም ይበጀናል። ጸሐፊው የደረቀውን ሲያዩ ለምን እንደ ደረቀ ቢጠይቁ ኖሮ ግማሹ የተሳሳተ ተክል ስለተመረጠ፣ ግማሹ ደግሞ አጥር ስላልነበረው እንደ ሆነ የሰፈሩ ሰው ይነግራቸው ነበር።

"አይቆይም" ለሚለው ከሩቅም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሊዝ ክሪስቲ የምትባል ሠዓሊ ከጓደኞቿ ጋር ሆና በኒው ዮርክ ባወሪና ሂውስተን የሚባሉ መንገዶች በሚገናኙበት ማእዘን ላይ የተጣለ ቆሻሻ ጠርጋ አትክልት ተከለች። የቡድናቸው ስም "አረንጓዴ ሽምቅ ተዋጊዎች" ነበር፤ ያለ ፈቃድ የመትከል ልማድም ስሙን ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት ከተማው ቦታውን በወር አንድ ዶላር አከራያቸው። በመጀመሪያው ዓመት ስድሳ መደብ አትክልት ሠርተው ነበር። ያ ቦታ ዛሬም አለ፤ የሚጠብቁትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል ማለት ነው። በዚያው ከተማ አዳም ፐርፕል የሚባል ሰው ለዓመታት ያለማው ክብ የአትክልት ስፍራ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ለቤት ግንባታ ሲባል በማሽን ተጠርጓል። እርሱ የጠፋው ተካዩ ደክሞት ስላቆመ አልነበረም። አፍርሰን ስናበቃ "ይኸው አልቆየም" ማለት እንዳይሆን እላለሁ።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ጸሐፊው ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላሉ፤ አንቀጽ 40 የሚለው ይህንኑ ነው። የከተማ ቦታም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ሊያዝ አይችልም። ትክክል ነው። ጎመን የተከለ ሰው በጎመኑ ምክንያት ባለ ይዞታ አይሆንም፤ እንዲሆን የጠየቀም የለም። ስጋታቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ተክሎ ድንበር መግፋት የቆየ ጥበብ ነው። ዛሬ አምስት ችግኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ "አባቴ የተከለው" የሚል ክርክር፣ ከዚያ ምስክር ቆጠራ። ይህን ያላየ የጎጃም ሰው የለም። ስለዚህ የሰፈር ተካዮች ባሕር ዛፍ ጨርሶ ባይነኩ፣ ቦታውን በቁልፍ ባይዘጉ፣ በአንድ ሰው ስም ባያደርጉት የተሻለ ነው። እኔ በማውቀው ቦታም የሆነው እንዲሁ ነው።

ሕግ ካነሣን አይቀር ግን ሙሉውን እናንሣ። በሊዝ ተወስደው፣ ታጥረው፣ ሣርና ቆሻሻ ብቻ የሚበቅልባቸው ቦታዎች በየከተማችን አሉ። ሕጉ በውሉ ጊዜ ግንባታ እንዲጀመር ያዝዛል፤ ካልተጀመረም ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ጸሐፊው ሦስት ገጽ ሙሉ ሕግ ሲጠቅሱ ስለ እነዚህ አንድ መስመር አልጻፉም። በጤና አዳምና በኮሰረት ላይ የጠነከረ ሕግ በባለ ሀብት ቦታ ላይ ለምን ይለሰልሳል? "በማስተር ፕላኑ ፓርክ ተብሎ የተያዘ ስለሆነ አይነካ" የሚሉትም ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፓርኩ እስኪመጣ ድረስ የሰፈሩ ሕፃን በዚያ ቆሻሻ ላይ ሊያድግ ነው።

ፈቃድ ለምን አይጠይቁም? ይላሉ። ይጠየቃል። አንዱ ቢሮ ጉዳዩ የመሬት ነው ይላል፤ ሁለተኛው የጽዳትና የውበት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ከቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ ይላል፤ ቀበሌው ደግሞ ከላይ መመሪያ አልመጣልኝም ይላል። ማንም ክፉ ሰው የለበትም፤ እንዲህ ላለ ጥያቄ የተዘጋጀ ቅጽ ብቻ ነው የጎደለው። ችግሩ ያ ከሆነ መፍትሔው አንድ ገጽ ነው። ቦታው የቱ እንደ ሆነ፣ ግንባታ እስኪጀመር ድረስ ብቻ እንደሚያገለግል፣ ሲነሣ ካሳ እንደማይጠየቅበት፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው እድር ወይም የወጣት ማኅበር ማን እንደ ሆነ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ይጻፍበት። በየዓመቱ ይታደስ። የኒው ዮርኩ የአንድ ዶላር ኪራይ ከዚህ ብዙም አይለይም ነበር። ወረቀቱ ከንቱ እንዳልሆነም በኋላ ታየ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የከተማው አስተዳደር 114 የሰፈር አትክልት ቦታዎችን በጨረታ ሊሸጥ ሲነሣ፣ ነዋሪው ተሟግቶ፣ በጎ አድራጊ ድርጅቶችም ገዝተው አተረፏቸው። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢያውቁት ለእርሳቸው ክርክርም ይጠቅማል፤ ጊዜያዊ ፈቃድ ዘላለማዊ ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያልና። እኔ ግን ዘላለማዊ ነገር አልጠየቅሁም።

በዚሁ ክፍል "በሌሊት ተደብቀው" የሚል ቃል አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ ዘመን በሌሊት የሚወጣ ሰው አላውቅም! ለንደን ውስጥ ሪቻርድ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የተረሳ መደብ በሌሊት መትከል መጀመሩ የታወቀ ነው፤ የእርሱ አገር ሌሊት ግን ሌላ ነው። በእኛ ሰፈር ሥራው የሚሠራው በአዘቦት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። በዓል ላይ ዶማ ማንሣት ስለሚያስነውር፣ በወሩ ውስጥ ደግሞ በዓሉ ብዙ ስለሆነ፣ የቁፋሮውን ቀን ለመምረጥ የሚደረገው ክርክር ከቁፋሮው ይረዝማል።

"ከፈረንጅ የተቀዳ" የሚለው ክስ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ደስ የሚለኝ እርሱ ነው።

ስሙ ከውጭ መምጣቱን አልክድም። ድርጊቱን ግን ለጎጃም ሰው ፈረንጅ ሊያስተምረው አይችልም። ደቦ ምንድን ነው? ባለ ሥራው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ይጠራል፤ ሰው ዶማውንና ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ አንድ አውራጅ ዘፈኑን ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል፤ ክንዱም በዜማው ልክ ይወርዳል። በዚያ ማሳ ላይ ተመልካች የሚባል ሰው የለም፤ ሁሉም ተቀባይ ነው። ወንፈልም አለ፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ተባብሎ በየተራ መሥራት። ቤት ሲመረግ ሴቶች ጭቃውንና ጭዱን ረግጠው፣ በእበት ለቅልቀው፣ በአመድና በነጭ አፈር ግድግዳውን ሲያስጌጡ የሥነ ሥርዓቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። የእንቁጣጣሽ ሥዕልስ? ወንዶች ልጆች ፀሐይና መላእክት፣ አበባና ዶሮ በቀለም ሥለው በየቤቱ እያዞሩ ያድላሉ። ሥዕሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ሰጪው ሠዓሊ ነው፤ ተቀባዩም በሩ ላይ ይለጥፈዋል። የፈረንጅ ምሁራን ዛሬ "የአሳታፊ ጥበብ" ብለው የሚጽፉበት ነገር ከዚህ የሚለየው መጽሔት ስላለው ነው።

ለዛፉም ቢሆን እንዲሁ። የዘጌ ደን ቆሞ የኖረው በቢሮ ትእዛዝ አይደለም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንዳበቀሉ፣ በምድሩም ላይ ማረስና ከብት ማርባት እንደ ተከለከለ በአገሩ ይነገራል፤ ሕዝቡም ቃሉን ጠብቆ በቡናው ሲኖር ቆይቷል። ትውፊቱን ማመን አለማመን የአንባቢው ነው። ነዋሪው ራሱ የሚጠብቀው ደንብ ደኑን እንዳቆየው ግን ሄዶ ማየት ይቻላል። በጎጃም ውስጥ ብዙ አሮጌ ዛፍ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ለነገሩ ቅጂ መሆኑ ብቻ ነውር ከሆነ ጸሐፊው የሚያስተምሩት የዘይት ቀለም ሥዕልም ከውጭ የመጣ ነው። ደግሞም ምሳሌው ሁሉ ከፈረንጅ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 (እ.ኤ.አ.) በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር "ሰት ሰታል" በሚል ስም ወጣቶች ማንም ሳያዝዛቸው ሰፈራቸውን ጠረጉ፣ ዛፍ ተከሉ፣ ግድግዳውን የሃይማኖት አባታቸውን የአማዱ ባምባን፣ የኔልሰን ማንዴላን ሥዕል ሥለው አለበሱት። ቆሻሻ የሚያነሣላቸው በጠፋ ጊዜ ነው የተነሡት። ወደዚህ ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ፤ ሁሉም ጣፋጭ አይደለምና።

አሁን ጥበብ ወደሚለው። "በጅምላ የተቀባ ግድግዳ ከሕፃናት መዋያ ማስጌጫ አይለይም" ብለዋል። ስለ ብዙዎቹ ግድግዳዎች ከእርሳቸው ጋር ነኝ። በየከተማው የምናየው አንድ ዓይነት ነው፦ ርግብ፣ ጀበና፣ የሚበራ አምፖል፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ልጆች። አስር ግድግዳ አይታችሁ የትኛው ባሕር ዳር፣ የትኛው ፍኖተ ሰላም እንደ ሆነ አትለዩም። ክሌር ቢሾፕ የተባሉ እንግሊዛዊት የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ዓይነቱን ጥበብ ሲተቹ፣ ሥራው በመልካም ዓላማው ብቻ እየተለካ በሥራነቱ መመዘኑ ቀርቷል ብለው ነበር። ልክ ናቸው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው ነዋሪው ብሩሽ አይንካ ወደሚል መደምደሚያ ይዘላሉ፤ እዚያ ላይ እንለያያለን። መጥፎ ግድግዳ ሲበዛ የሚጠየቀው የተሻለ ግድግዳ ነው።

የተሻለ እንዲሆን የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ከሙያዬ ልናገር። ሠላሳ ሰው በአንድ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ሥዕል ከሣለ ውጤቱ ትርምስ ነው። አንድ ሰው ንድፉን በከሰል ካወጣና ቀለሙ ከአራት ወይም ከአምስት እንዳይበልጥ ከተወሰነ ግን፣ ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው የሞላው ግድግዳም ያምራል፤ የእጅ መንቀጥቀጡ ራሱ ሕይወት ይሰጠዋል። ንድፉ ምን ይሁን የሚለው ደግሞ ከሁሉም በፊት ቁጭ ተብሎ የሚነገር ነገር ነው፤ አሳታፊነቱ ያለው እዚያ ነው። ግድግዳውም መታወቅ አለበት። በጭቃ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት የሞኝ ሥራ ነው፤ ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት መልሶ መተንፈስ ስለማይችል ቀለሙ በአንድ ክረምት ያብጣል፣ ይላጣል። ጭቃ ኖራ ይወዳል። ጸሐፊው ተላጦ ያዩት ሥዕል የተላጠው ሣዩ ነዋሪ ስለሆነ ሳይሆን አንድ ቀለም ሻጭ ውዱን ቆርቆሮ ስለሸጠላቸው ነው።

ትክክለኛ ሥነ ጥበብ ከአትክልት ጋር ምን አገናኘው ለሚለው ጥያቄ፣ እርሳቸው ከእኔ በላይ የሚያውቁትን የጆሴፍ ቦይስን ሥራ ላስታውሳቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1982 በካሴል ከተማ ሰባት ሺህ የባሉጥ ዛፍ ለመትከል ተነሣ። ሰባት ሺህ የባዛልት ድንጋይ በሙዚየሙ ፊት ለፊት አስከመረ፤ አንድ ዛፍ በተተከለ ቁጥር አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተነሥቶ ከዛፉ አጠገብ ይቆማል። ክምሩ ካልቀነሰ ሥራው አልሄደም ማለት ነው፤ ሁሉም እያየ ይቆጥራል። አንድ ዛፍ የሚያስተክል ሰው 500 ማርክ ይከፍል ነበር። ብር ሲያንሰው ሠዓሊው ለጃፓን ውስኪ ማስታወቂያ እስከ መሥራት ደርሷል፤ እኔ የቢራ ታፔላ በመጻፌ ከእንግዲህ አላፍርም። የከተማው ሰው መጀመሪያ በድንጋዩ ተበሳጭቶ ነበር። ቦይስ በ1986 ሞተ፤ የመጨረሻውን ዛፍ በ1987 ልጁ ተከለው። ዛፎቹ ዛሬም ቆመው የከተማው መልክ ሆነዋል። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ግራንቢ በሚባለው ሰፈርም ነዋሪዎች የተተዉ ቤቶችን መስኮት እየቀቡ፣ በመንገዱ ላይ አበባ እየተከሉ ለዓመታት ታገሉ፤ ከእነርሱ ጋር የሠራው አሴምብል የተባለ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 የተርነርን ሽልማት አገኘ። በዚያ አገር ከዚህ የሚበልጥ የታወቀ የሥነ ጥበብ ሽልማት ማግኘት ይከብዳል።

ለእኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚያሳምነኝ ቅርብ ነው። "የሚጠፋ ነገር ጥበብ አይደለም" ብለው ሲጽፉ፣ የጎጃም ሰው ሆነው ይህን መጻፋቸው አስገረመኝ። የቅኔ አገር አይደለም ወይ ይህ? ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ምን አስተምረው ነው ስማቸው የወጣ? ተማሪው ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ሲያወጣ ይውላል፤ ማታ በጉባኤው ፊት ያሰማል፤ መምህሩ ያርማል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ያ ቅኔ ለዚያ ቀን ነው። ነገ ሌላ ይቆጠራል፤ የትናንቱን ዛሬ ማምጣት ነውር ነው። በማኅሌት ላይ የተባለው ቅኔም ከአንዴ በላይ አይባልም፤ የሰማ ሰምቷል፤ በልቡ የያዘው ካለ ይዞታል። መጥፋቱ ጥበብነቱን ቀነሰበት? እንዲያውም መምህራኑ የሚታወቁት በጽሑፍ ካስቀሩት ይልቅ ባፈሩት ተማሪ ነው። ግድግዳው ቢላጥ፣ ንድፍ ማውጣት የተማረ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ከቀረ ሥራው አልጠፋም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ እርሳቸው ያላነሡት፣ ሊያነሡት የሚገባ። ሁሉም "ተሳትፎ" እኩል አይደለም። ሼሪ አርንስታይን የተባሉ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከን ባለው መሰላል ከፋፍለው ነበር፤ ታችኛው እርከን ላይ ያለው ሰውን ለስሙ ጠርቶ ማታለል ነው፤ ላይኛው ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት። ባለሥልጣን ሲመጣ ሕፃናት ብሩሽ ይዘው እንዲቆሙ የሚደረግበት ግድግዳ ታችኛው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሲወቀስ ከጎናቸው እቆማለሁ።

ዳካርን አልረሳሁም። የወጣቶቹ እንቅስቃሴ ከተስፋፋ በኋላ የከተማው አስተዳደር ያንን ጉልበት ወደ ቆሻሻ ማንሣት ሥራ አዞረው፤ በነጻ የጀመሩት ወጣቶች በዝቅተኛ ክፍያና ያለ ዋስትና የከተማው ቆሻሻ ሠራተኞች ሆኑ። ይህ አደጋ ለእኛም እውነተኛ ነው። ነዋሪው በፍላጎቱ ያጸዳው ቦታ ነገ "የእናንተ ድርሻ ነው" ተብሎ በግዴታ ሊጫንበት ይችላል፤ ገንዳ የሚያነሣው መኪናም በዚያ መንገድ መምጣቱን ሊያቆም ይችላል። ለዚህ ነው ከላይ ያልኋት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ግዴታም ሊጻፍ የሚገባው፦ ገንዳው በስንት ቀን ይነሣል፣ ውሃው ከየት ይመጣል። ደግሞም "ባዶ" የምንለው ቦታ ቀድሞም ባዶ አልነበረም። በግ የሚያስር ነበረው፣ በጥላው የሚተኛ የጎዳና ልጅ ነበረው፣ ቅዳሜ ሽንኩርት የምትዘረጋበት እናት ነበረችው። ለአበባ ሲባል እነዚህን ማባረር ከቆሻሻውም ይከፋል። በአንድ ሰፈር የሆነውን አውቃለሁ፤ ውብ ተደርጎ ተተከለ፣ ሽንኩርት ሻጮቹ ግን ወደ አስፋልቱ ዳር ተገፉ። እዚያ ላይ ጸሐፊው ቢጮሁ አብሬ እጮህ ነበር። ጽሑፋቸው ውስጥ ግን ስለ ሻጮቹ ምንም የለም።

"የመንገድ ዳር ጎመን ይመርዛል" ላሉት፣ በጋራዥና በባትሪ ጥገና አጠገብ፣ የተቃጠለ ዘይት በፈሰሰበት አፈር ላይ ቅጠላ ቅጠል መትከል አይገባም። እዚያ ዛፍና አበባ ይተከል፤ ጎመኑ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን። በዚህ አንጣላም።

ኮሪደሩን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው ሥራ ዋናውን መንገድ ይይዛል፤ ባሕር ዳር ላይ ያማረ ቦታ መፍጠሩንም አይቻለሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ፣ ጋሪ ወደሚገባበት፣ ቦዩ ክፍት ወደሆነበት ግን አይገባም፤ እንዲገባ ታስቦም አልተሠራም። የእኛ ሜዳዎች ያሉት እዚያ ነው። "ጠብቁ" የሚባለው ሰው የሚጠብቀው ነገር ወደ እርሱ የሚመጣበት መንገድ ሲኖር ነው።

ጽሑፉ የሚያበቃው ማዘጋጃ ቤቶች ክፍት ቦታዎችን ሁሉ በቆርቆሮ አጥረው ጥበቃ እንዲቀጥሩ በመጠየቅ ነው። ቆርቆሮ የታጠረበት ቦታ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአጥሩ ውጭ ሽንት ይሸናል፤ ከአጥሩ በላይ በፌስታል የታሰረ ቆሻሻ ይወረወራል፤ ወደ ውስጥ የገባውን ማንም አያይም፣ አያነሣምም። ከዓመት በኋላ አንዱ ቆርቆሮ ይነቀላል፣ ከዚያ ሁለተኛው። ጥበቃ ይቀጠር ካሉም መልካም፤ ለጥበቃው የሚከፈለው ደመወዝ በበጋ ተክሉን ለሚያጠጣ ሰው ይከፈል፣ ቀንም ስለሚውል ሁለቱን ሥራ አብሮ ይሠራል። ለአጥሩ ከተመደበው በጀት ላይም በየሰፈሩ አንድ አንድ የውሃ ቧንቧ ይዘርጋ፤ የቧንቧውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ እድሮቹ ይወስኑ።